ስቶር ኪፐሩን አይ.ኤፍ.አር.ኤስ ማሠልጠን ለምን አስፈለገ?

የመጋዘን ሠራተኞች (ስቶር ኪፐሮች) አይ.ኤፍ.አር.ኤስ ለሚባለው ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ሥልጠና ሲጠሩ ቶሎ የሚነሳው ጥያቄ «እኛን ምን አገባን?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሒሳብ የሚዘጋው ፋይናንስ ክፍል ነው፤ ኦዲተር ሲመጣ እንቅልፍ የሚያጣውም እሱ ነው። ስቶር ኪፐሩ ዕቃ ይረከባል፣ ያስቀምጣል፣ ያስረክባል። የምርት ተቆጣጣሪው ደግሞ ማሽን እንዳይቆም ሲሯሯጥ ይውላል። ለእነዚህ ሰዎች ስለ ሒሳብ አያያዝ ደረጃ ማውራት ጊዜ ማባከን ቢመስል አይገርምም።

ስለዚህ ሥልጠና ወሬው የበዛው ግን በምክንያት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ መጋዘን ውስጥ ያለ ዕቃ ዋጋ ሁሉ አነጋጋሪ ሆነ። በጥር 2017 ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በይፋ ተከፈተ፤ አክሲዮኑን እዚያ ለማገበያየት የሚያስብ ድርጅት በውጭ ኦዲተር የተመረመረና ባለሀብት የሚያምነው ሒሳብ ያስፈልገዋል። ለአምራችና ለነጋዴ ድርጅት ከሒሳቡ ትልልቅ ቁጥሮች አንዱ የዕቃ ክምችቱ ነው። ታዲያ ያ ቁጥር እውነት ነው ወይ?

የዚህ ጽሑፍ አቋም እንዲህ ነው። ሥልጠናው ያስፈልጋል፤ በተለመደው መልኩ ሲሰጥ ግን ብዙም አይጠቅምም፤ ምክንያቱም የሒሳብ ባለሙያ የሚያስፈልገውን ነገር ለስቶር ኪፐር ያስተምራል።

ሕጉ ምን ይላል?

መነሻው የፋይናንስ ሪፖርት አዘገጃጀትና አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ነው። አዋጁ ድርጅቶች ሒሳባቸውን በዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ ደረጃዎች እንዲያዘጋጁ አዘዘ። በአጭሩ አይ.ኤፍ.አር.ኤስ የሚባለው ይኸ ነው። አነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች አጠር ያለውን ስሪት ይጠቀማሉ። አፈጻጸሙን የሚከታተለው የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ነው። ትግበራው በየደረጃው ነበር፤ ባንኮች፣ ኢንሹራንሶችና ትልልቅ የመንግሥት ልማት ድርጅቶች ቀድመው ገቡ፣ ሌሎቹ ተከተሉ።

የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008ም ቢሆን ግብር የሚከፈልበትን የንግድ ትርፍ ማስላት የሚጀምረው በዚሁ ደረጃ ከተዘጋጀው ሒሳብ ነው። ከዚያ በኋላ ግብር ሕጉ የራሱን ማስተካከያ ያደርጋል። ስለዚህ የክምችት ቁጥር ሲሳሳት ለባለአክሲዮንም፣ ለባንክም፣ ለግብር ሰብሳቢውም የተሳሳተ ነገር ይደርሳል።

ሕጉ «ስቶር ኪፐር አሠልጥኑ» አይልም። ለሒሳቡ ትክክለኛነት የሚጠየቁት የድርጅቱ ኃላፊዎች ናቸው። እነሱ ግን መጋዘን ገብተው ካርቶን አይቆጥሩም። የሚፈርሙበት ቁጥር የሚመጣው ከሌላ ሰው እጅ ነው።

ቁጥሩ የሚመጣው ከየት ነው?

ስሌቱ ቀላል ነው። ዓመቱ ሲጀመር የነበረው ዕቃ ላይ በዓመቱ የተገዛው ይደመራል። ከዚያ ዓመቱ ሲያልቅ የቀረው ይቀነሳል። የሚገኘው የተሸጠው ዕቃ ወጪ ነው። ከዚህ ስሌት የሚከተለውን ነገር ግን ብዙ ሰው ልብ አይልም፤ የቀረው ዕቃ በስህተት በ1 ሚሊዮን ብር ከፍ ብሎ ከተመዘገበ ትርፉም በ1 ሚሊዮን ብር ከፍ ይላል። ማንም ሳይዋሽ፣ ማንም ሳይሰርቅ፣ አንድ ሰው መደርደሪያ ላይ የሌለ ዕቃ አለ ብሎ ስለጻፈ ብቻ።

በብዙ መጋዘን ያለውን አሠራር እንይ። ዕቃ ሲገባ የዕቃ ገቢ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሞዴል 19 የሚባለው ነው። ሲወጣ ደግሞ የወጪ ሰነድ ይቆረጣል፤ ሞዴል 22። መደርደሪያው ላይ ቢን ካርድ ይንጠለጠላል። ቢን ካርድ ላይ ብር የለም፤ ቀን፣ የሰነድ ቁጥር፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ ብቻ ነው። ብሩ ያለው ንብረት ሒሳብ ክፍል ባለው ስቶክ ካርድ ወይም ኮምፒውተር ላይ ነው። ብዛቱን መጋዘኑ ይነግራል፣ ዋጋውን ሒሳብ ክፍሉ ያባዛል። ብዛቱ ወይም የዕቃው ሁኔታ ከተሳሳተ ማባዛቱ የፈለገውን ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ ዋጋ የለውም።

አይ.ኤ.ኤስ 2 በቀላል አማርኛ

ስለ ዕቃ ክምችት የሚደነግገው ደረጃ አይ.ኤ.ኤስ 2 ይባላል። ዋናው ሐሳቡ አንድ ነው። ዕቃ የሚመዘገበው በወጣበት ወጪ ወይም ተሸጦ በሚያስገኘው የተጣራ ገንዘብ ነው፤ ከሁለቱ በሚያንሰው። ተሸጦ የሚያስገኘው የተጣራ ገንዘብ ሲባል የሚሸጥበት ዋጋ ተይዞ ለማጠናቀቅና ለመሸጥ የሚወጣው ወጪ የተቀነሰለት ማለት ነው።

ወጪ ውስጥ የግዢ ዋጋ፣ የማይመለስ ቀረጥና ታክስ፣ ማጓጓዣ፣ መጫኛና ማውረጃ ይገባሉ። የሽያጭ ወጪ አይገባም። ተመርቶ ያለቀ ዕቃ የሚቀመጥበት የመጋዘን ኪራይም አይገባም። ከተለመደው መጠን በላይ የሆነ ብክነትም እንዲሁ። የወጣው ዕቃ በስንት ዋጋ ይያዝ ሲባል የተፈቀዱት «መጀመሪያ የገባ መጀመሪያ ይውጣ» እና አማካይ ዋጋ ናቸው። «መጨረሻ የገባ መጀመሪያ ይውጣ» የሚለው ስሌት በዚህ ደረጃ አይፈቀድም።

ይኼ ሁሉ የሒሳብ ክፍል ሥራ ይመስላል። አንድ የጎማ አስመጪ እንውሰድ። መጋዘኑ ጥግ ላይ 200 ጎማ ለሦስት ዓመት ሳይነካ ተቀምጧል እንበል። አንዱ ጎማ በ9 ሺህ ብር የገባ ነው። ጎማው ጎኑ መሰነጣጠቅ ጀምሯል፣ ስለዚህ ዛሬ ቢሸጥ ከ6,500 ብር በላይ አያወጣም፤ ለመሸጫ ደግሞ 500 ብር ይወጣበታል። የተጣራው 6 ሺህ ብር ነው። በእያንዳንዱ ጎማ 3 ሺህ ብር፣ በጠቅላላው 600 ሺህ ብር ከክምችቱ ዋጋ መቀነስ አለበት።

ጎማው መሰነጣጠቁን ያየው ማነው? ስቶር ኪፐሩ ብቻ። ሒሳብ ክፍል የሚያየው «200 ፍሬ» የሚል ቁጥር ነው። ስቶር ኪፐሩ «የኔ ሥራ ብዛት መጠበቅ ነው፣ ብዛቱ ደግሞ ሙሉ ነው» ብሎ ካለፈው የድርጅቱ ትርፍ ከእውነተኛው በ600 ሺህ ብር ይበልጣል፤ ባለአክሲዮኖችም በሌለ ትርፍ ላይ ተመሥርቶ ድርሻ ሊከፋፈሉ ይችላሉ። ስለዚህ ለዚህ ሰው አይ.ኤ.ኤስ 2ን ማስተማር ማለት አንድ ልማድ ማስያዝ ነው፤ የተበላሸ፣ ጊዜው የተቃረበ፣ የተቀደደ ወይም ለረጅም ጊዜ ያልተንቀሳቀሰ ዕቃ ካየ ለይቶ ማስቀመጥና በጽሑፍ ማሳወቅ። መድኃኒት የሚያከማች ሰው የአገልግሎት ዘመን ማብቂያ ቀን ማየት ለምዷል። ሲሚንቶ፣ ቀለም፣ ጎማና መለዋወጫ የሚያከማቸው ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ አላሠለጠኑትም።

ማሽን ሲቆም ሒሳቡ ምን ይሆናል?

ፋብሪካ ላይ ያለው ጣጣ ደግሞ ከዚህ ይከፋል፣ ሲነገርም ብዙ አይሰማም።

አንድ ፋብሪካ በወር 1.2 ሚሊዮን ብር ቋሚ የማምረቻ ወጪ አለው እንበል፤ የሕንፃ ኪራይ፣ የማሽን እርጅና፣ የተቆጣጣሪዎች ደመወዝ። በተለመደው አቅሙ 60 ሺህ ፍሬ ያመርታል። እያንዳንዱ ፍሬ 20 ብር ይሸከማል ማለት ነው። አንድ ወር ላይ መብራት እየጠፋ ወይም ጥሬ ዕቃ በውጭ ምንዛሪ እጥረት ዘግይቶ ምርቱ 30 ሺህ ብቻ ሆነ። ፋብሪካው ወጪውን በተመረተው ቢያካፍል ፍሬው 40 ብር ይሸከማል፤ ያልተሸጠው ምርትም በዚህ በተጋነነ ዋጋ መጋዘን ይገባል። አይ.ኤ.ኤስ 2 ይህን ይከለክላል። ፍሬው የሚሸከመው በተለመደው አቅም የተሰላውን 20 ብር ነው። የቀረው 600 ሺህ ብር የዚያው ወር ወጪ ነው፤ የሥራ መቆሙ ኪሳራ ዕቃ ውስጥ ተደብቆ ወደሚቀጥለው ዓመት አይተላለፍም።

ይህን ለመሥራት ግን ሒሳብ ክፍሉ ማሽኑ ስንት ሰዓት ቆመ፣ ለምን ቆመ፣ ተበላሽቶ የተጣለው ምርት ከተለመደው ብክነት በላይ ነው ወይ የሚሉትን ማወቅ አለበት። መልሱ ያለው የፈረቃ ኃላፊው መዝገብ ላይ ነው። መዝገቡ ላይ «ሥራ ቆሟል» ተብሎ ብቻ ከተጻፈ፣ ወይም ተቆጣጣሪው እንዳይወቀስ የቆመበትን ሰዓት አሳንሶ ከጻፈ፣ ጎበዝ የተባለው አካውንታንትም ትክክለኛ ሒሳብ አይሠራም። ተቆጣጣሪው የሚጽፋት አንድ መስመር የምርቱን ዋጋ እንደምትወስን የነገረው ሰው ካለ አጻጻፉ ይቀየራል።

ሰኔ 30 ማታ

አብዛኛው የአገራችን ድርጅት ሒሳቡን የሚዘጋው ሰኔ 30 ነው። የዚያን ቀን መጋዘን ውስጥ የሚሠራው ነገር የዓመቱን ሒሳብ ሊያበላሽ ይችላል። ጉዳዩ በሒሳብ ቋንቋ ወቅት መለየት ይባላል፤ የትኛው ዕቃ የዘንድሮ፣ የትኛው የመጪው ዓመት እንደሆነ መስመር ማስመር።

አንድ መኪና ሰኔ 30 ማታ ዕቃ ይዞ ደረሰ። ዕቃው ወረደ፣ ቆጠራው ላይም ገባ። የገቢ ደረሰኙ ግን ሰው ስለሌለ ሐምሌ 3 ተቆረጠ። ውጤቱ ምንድን ነው? ዕቃው በዘንድሮ ቀሪ ላይ አለ፤ ግዢውና የሻጩ ዕዳ ግን የሉም። ትርፉ ያብጣል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሰኔ 30 መጋዘኑ ሲዘጋ የመጨረሻውን የገቢ ደረሰኝ ቁጥርና የመጨረሻውን የወጪ ሰነድ ቁጥር ጽፎ መፈረም። ኦዲተር መጀመሪያ ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ናቸው።

በ2016 ዓ.ም. ይህ መስመር ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያወጣ በግልጽ ታየ። የተመን ለውጡ የመጣው ሒሳብ ከተዘጋ ሦስት ሳምንት በኋላ ነው። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ዕቃ ወጪው የሚያዘው ግብይቱ በተመዘገበበት ቀን ተመን ነው፤ ክምችቱ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ተመን እየተቀያየረ አይሄድም። በዱቤ የተገዛ ከሆነ ግን ዕዳው ሒሳብ በተዘጋ ቁጥር በወቅቱ ተመን እንደገና ይሰላል፣ ልዩነቱም ትርፍና ኪሳራ ውስጥ ይገባል። እንግዲህ በዱቤ የመጣ ዕቃ ድርጅቱ የተረከበው ሐምሌ 15 ነው ወይስ ነሐሴ 15 የሚለው የዕቃውን ወጪ እጥፍ ሊያደርገው ይችላል። ያን ቀን የሚያሳየው ሰነድ የሚያልፈው ደግሞ በሎጂስቲክስና በመጋዘን ሠራተኞች እጅ ነው።

ጉድለት የሚባለው ፍርሃት

ሥልጠና ሁሉን ይፈታል የሚሉ ሰዎች የሚዘሉት ነገር አለ። በኛ አገር ስቶር ኪፐር ሥራ ሲቀጠር ተያዥ አምጣ ይባላል። ቆጠራ ላይ ዕቃ ከጎደለ ከደመወዙ ሊቆረጥ፣ ሊባረር፣ ሊከሰስ ይችላል። ጉድለት የሚለው ቃል ራሱ ያስፈራል።

ይህ ፍርሃት የሚፈጥረው ባሕርይ አለ። ቆጠራ ላይ ትርፍ የተገኘ ዕቃ አይመዘገብም፤ ለሚቀጥለው ጉድለት ማካካሻ ተብሎ ይቀመጣል። የተሰበረ ዕቃ ከሙሉው ጋር ይደረደራል። ተመሳሳይ የሚመስሉ ሁለት መለዋወጫዎች ሲቀላቀሉ የአንዱ ጉድለት በሌላው ትርፍ ይሸፈናል። የሠራተኛው ዓላማ ሌብነት አይደለም፤ ራሱን ማዳን ነው። ሪፖርቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ያው ነው።

እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ «ልዩነት ሲኖር ወዲያው አሳውቁ» ብሎ ማሠልጠን ሠራተኛውን በራሱ ላይ እንዲመሰክር መጠየቅ ነው። አያደርገውም፤ እውነቱን ለመናገር ማንም አያደርገውም። ስለዚህ ከሥልጠናው በፊት አመራሩ ሁለት ነገር መለየት አለበት። ተፈጥሯዊ የሆነ መቀነስ፣ የመለኪያ ልዩነትና በጊዜው የተነገረ ብልሽት አንድ ወገን ናቸው። የተደበቀና የተሰረቀ ሌላ ወገን ነው። የመጀመሪያው በቅጽ ይያዝ፣ በሥራ አስኪያጅ ይጽደቅ፣ ወጪ ይሁን። ይህ መስመር ሳይሰመር የሚሰጥ ሥልጠና ገንዘብ መጣል ይመስለኛል።

«ሲስተም አለን» እና ሌሎች ክርክሮች

የመጀመሪያው ክርክር የቴክኖሎጂ ነው። ድርጅቱ ኢ.አር.ፒ ገዝቷል፤ ማለትም ግዢን፣ መጋዘንን፣ ምርትንና ሒሳብን የሚያገናኝ ሶፍትዌር። ትንንሾቹ ደግሞ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ ናቸው። ሲስተሙ ካለ ሥልጠናው ለምን? ሲስተም በእርግጥ ድምር አይሳሳትም፣ ቀን ይይዛል፣ ማን እንደመዘገበ ያሳያል። ነገር ግን ጎማ መሰነጣጠቁን አያይም። ዕቃው ከወጣ ከሦስት ቀን በኋላ ወጪው ቢመዘገብ ሲስተሙ የሚያምነው የተጻፈለትን ቀን ነው። በተያያዘ ሲስተም ደግሞ መጋዘን ላይ የተሳሳተች አንዲት ቁልፍ ማንም ሳያያት ቀጥታ ጠቅላላ ሒሳቡ ውስጥ ትገባለች። ስለዚህ ሲስተም ሲገዛ ሥልጠናው ይበልጥ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ክርክር ጠንከር ያለ ነው። የውስጥ ቁጥጥር ሰዎች «ዕቃ የሚጠብቅ ሰው ሒሳቡን ባያውቅ ይሻላል» ይላሉ። ዕቃ መያዝና መመዝገብ መለያየት አለባቸው፤ ቆጣሪም መዝገቡ ላይ ያለው ቁጥር ሳይነገረው መቁጠር አለበት። ልክ ናቸው። ቀሪው የተጻፈበት ወረቀት የተሰጠው ቆጣሪ ሳይቆጥር «አለ» ሊል ይችላል። ነገር ግን ቁጥሩን መከልከልና ዕውቀቱን መከልከል ይለያያሉ። ቆጣሪው የዘንድሮውን ቀሪ አይወቅ፤ ቆጠራው ለምን እንደሆነና ምን ማየት እንዳለበት ግን ይወቅ።

እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ የሆነው ታሪክ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። አንድ የምግብ ዘይት ነጋዴ ታንኮቹን በአብዛኛው በውኃ ሞልቶ ከላይ ዘይት አድርጎባቸው ነበር። ዘይት ውኃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ከላይ ያየ ሁሉ ዘይት አየ። ክምችቱን የሚያረጋግጠው የአሜሪካን ኤክስፕረስ የመጋዘን ኩባንያ ዘይቱ አለ የሚል የመጋዘን ደረሰኝ ሰጠ፣ አበዳሪዎች ሰነዱን አምነው አበደሩ፣ ሲነቃበት ኪሳራው ብዙ ቤት አንኳኳ። ቆጠራ ተደርጎ ነበር። የጎደለው ምን እንደሚቆጠር ማወቅ ነው።

ሦስተኛው የወጪ ክርክር ነው፤ አሠልጥነን ይለቁብናል የሚል። ይህ እውነት ነው። የመጋዘን ሠራተኛ ደመወዝ ዝቅተኛ በሆነበት ቤት ሠራተኛው ይለቃል። ለዚህም ነው ረጅምና ውድ ሥልጠና የማይመከረው።

አሜሪካ ውስጥ ትልልቅ መጋዘኖች የሚሠሩ ወገኖቻችን ይህን ዓይነት ነገር ያውቁታል። ሒሳባቸውን አጭበርብረው ከተገኙት ከኤንሮንና ከወርልድኮም ኩባንያዎች ውድቀት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የሳርበንስ ኦክስሊ ሕግ የአክሲዮን ገበያ ኩባንያዎች ኃላፊዎች ለሒሳቡና ለቁጥጥሩ በፊርማቸው እንዲጠየቁ አደረገ። ኃላፊው ሲጠየቅ ቁጥጥሩ ወደ ታች ወረደ፤ በየጊዜው በጥቂቱ የሚደረገው ቆጠራ፣ ሁለት ፊርማ የሚጠይቀው ማስተካከያ፣ በየዓመቱ የሚደገመው አጭር ሥልጠና ከዚህ ጋር የተያያዙ ናቸው። የኛም ገበያ ሲያድግ ተመሳሳይ ጫና መምጣቱ አይቀርም።

ሥልጠናው ምን ይምሰል?

የተለመደው መልክ ይታወቃል። ሆቴል አዳራሽ፣ ሁለት ቀን፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስላይድ፣ አበል፣ ሰርተፊኬት። ከዚያ ሰኞ ሠራተኛው ወደ መጋዘኑ ይመለሳል፤ ቢን ካርዱም እንደነበረው ይቀጥላል።

የሚሻለው መጋዘኑ ውስጥ፣ ሠራተኛው በሚናገረው ቋንቋ፣ በራሱ ሰነድ ላይ የሚሰጥ ሥልጠና ነው። ግማሽ ቀን በቂ ነው። አሠልጣኙ አንድ ቢን ካርድ አውርዶ፣ ዕቃውን አብሮ ቆጥሮ፣ ልዩነት ካለ ከየትኛው ሰነድ እንደመጣ ከሠራተኛው ጋር ይፈልግ። ከዚያ ያው ልዩነት ትርፍና ኪሳራው ላይ የት እንደሚያርፍ ያሳየው። ሰው የራሱ ጽሑፍ የት እንደሚደርስ ሲያይ ይገባዋል። የደረጃዎቹን ቁጥር መሸምደድ አያስፈልገውም፤ ዕቃ ሲገባ፣ ሲወጣ፣ ሲበላሽ፣ ሲቆጠርና ዓመቱ ሲዘጋ ምን መጻፍ እንዳለበት ካወቀ ሥራው ተሠርቷል።

የሒሳብ ሠራተኞችም መምጣት አለባቸው፤ አሠልጣኝ ሆነው ብቻ ሳይሆን ተማሪ ሆነው። ዓመት ሙሉ መጋዘን ያልገባ አካውንታንት አለ። «ይህ ኮድ ምንድን ነው?» ሲባል ዕቃውን የማያውቀው ከሆነ ዋጋው መውረዱን በምን ይገምታል?

ጊዜውም ይታሰብበት። ሰኔ መጨረሻ ላይ የሚሰጥ ሥልጠና ለቆጠራ ጥድፊያ ይዳርጋል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ከተሰጠ የተበላሸውን ለመለየት፣ ተመሳሳይ ዕቃ በሁለት ኮድ የተያዘ ከሆነ ለማስተካከል፣ አንድ የሙከራ ቆጠራ ለማድረግም ጊዜ ይገኛል። የዓለም አቀፍ ኦዲት ደረጃም ክምችቱ ትልቅ በሆነ ድርጅት ኦዲተሩ ቆጠራው ላይ እንዲገኝ ይጠይቃል፤ መገኘት ካልቻለና በሌላ መንገድም ማረጋገጥ ካልቻለ አስተያየቱን ይገድባል፣ ጉዳዩ ከባድ ከሆነ ደግሞ አስተያየት አልሰጥም ይላል። ብድር የሚጠይቅ ወይም አክሲዮን የሚሸጥ ድርጅት እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ ሲቀርብ የሚገጥመው ጥያቄ ብዙ ነው። ለኦዲተሩ የቆጠራውን ቀን ቀድሞ ማሳወቅ፣ የቆጠራ ወረቀቶችን ተከታታይ ቁጥር ሰጥቶ ማዘጋጀት፣ በቆጠራው ወቅት ዕቃ እንዳይንቀሳቀስ መጋዘኑን መዝጋት የሥልጠናው የመጨረሻ ክፍል መሆን አለባቸው፤ እነዚህንም የሚሠሩት እነዚያው «እኛን ምን አገባን?» ያሉት ሠራተኞች ናቸው።